ከቆጡ በላይ ያሉት ቀዳዳዎች

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ቢኖር ብርድ ነው። ከካዛንቺስ ቄራ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪዎች በመስኮት የተነሳ ሲጨቃጨቁ ሁልጊዜ የሚያደላው «ዝጋው» ለሚለው ነበር። አንዱ ላብ በላብ ሆኖ አየር ቢለምን እንኳ «ወንድሜ፣ ንፋስ መትቶህ ልትሞት ነው?» ይለዋል። ሳሉ ሲብስበት መሪውን ተወና ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ጋር በተጠጋች የቆርቆሮ ቤት ዶሮ ማርባት ጀመረ። ከአልጋ የሚያስነሱት እነሱ ብቻ ስለነበሩ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ክረምት ነው የቆየው። አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። መሬቱ ላይ ያነጠፍነው ሰጋቱራ ረጥቧል፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አፍስሶ ይሆናል ብዬ ብፈትሽ ጣሪያው አንድም ቀዳዳ የለውም። ለካ ውሃው የዶሮዎቹ ትንፋሽ ነው፤ መውጫ አጥቶ መልሶ እነሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሽታው ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ እያለፈ አባቴ ክፍል ይገባል። የአባቴ ሐኪም ቁርጡን ነግሮኛል። «ወይ ዶሮዎቹ ይውጡ፣ ወይ አየር ይግባ። የአባትሽ ሳንባ ከዚህ በላይ አይችልም።»

አናጺ አመጣሁ። ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ስር፣ በሁለት በኩል ቀዳዳ ከፍቶ በሽቦ ሸፈነልኝ። ንፋሱ ከዶሮዎቹ አናት በላይ ያልፋል እንጂ እነሱን አይነካም። ይህን ለአባቴ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት።

«እሺ ልጄ» አለኝ።

የእሱን እሺ ማመን እንደሌለብኝ በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቋል። አወጣሁት። በሌላው ቀን አሮጌ ሹራቡን ጎስጉሶበታል።

«አባዬ፣ በቃ ተው እንጂ! ታፍነው ሊያልቁ ነው!»

«የሚጨርሳቸው ብርድ ነው። ማለቴ፣ አንቺ ለደግ አስበሽ ነው። ግን ላባ ያለው ብርድ አይሰማውም ያለሽ ማነው?»

እኔ ስከፍት እሱ ሲዘጋ ክረምቱ ወጣ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ፤ ከዚያ ተራ በተራ ሞቱ። አንዷ በሞተች ቁጥር «አላልኩሽም? ብርድ!» ይለኛል። ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። ከሰው ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከአባቴ ብርድ ጋር ግን አይቻልም።

አንዲት ቀይ ዶሮ ተረፈች። እሷንስ ላድናት ብሎ በካርቶን አድርጎ አልጋው ስር አስገባት። ዶሮ ቤቱ አሁን ባዶ ነው። ቀዳዳዎቹን የሚደፍናቸው ስለሌለ ከግቢያችን ሁሉ ጥሩ አየር ያለው እዚያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ዶሮዋ ካርቶኗ ውስጥ አፏን ከፍታለች። አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል። መስኮቱ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል፤ በመስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል ውሃ ይወርዳል። ሻዩን አስቀምጬ ፕላስተሩን ከጫፉ መላጥ ጀመርኩ።

«ልጄ» አለኝ፣ እጁን ወደ ዶሮዋ እየዘረጋ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅኩት። «እባክሽ… ብርድ ይመታታል።»

አባቴ እባክሽ ሲለኝ ሰምቼው አላውቅም። ፕላስተሩን መልሼ በአውራ ጣቴ ለጠፍኩት።