ነፋስ ነፊዋ

አግብቼ፣ ፈትቼ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ጎንደር ውስጥ በዚያ ትምህርት ቤት እኔን የሚያህል ተማሪ አልነበረም፤ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፣ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። መቀመጫዬ ከመስኮቱ ሥር ነው። ክፍሉ ያለው እሱኑ አንዱን ነው፣ መስተዋትም የለውም። ያለ እሱ ብርሃን ግን መጽሐፉ ለእኔ ድንጋይ ነው።

ከአጥሩ ማዶ የሞተር ወፍጮ ተተከለ። ጤፍና ገብስ ሲፈጭ ግድ የለም። በርበሬ የገባ ቀን ግን ክፍሉ በሙሉ ያነጥሳል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ንባብ ይቆማል። እኔም ከቤቴ ወንፊት አምጥቼ መስኮቱ ላይ ገተርኩ። ሽማግሌው ባለወፍጮ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምነው ልጄ፣ ነፋስ ልትነፊ ነው?»

«አዎ አያ። አንቱ ይፍጩ፣ እኔ እነፋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ስሜ «ነፋስ ነፊዋ» ሆነ። ወንፊቱም አዋረደኝ፤ ብናኙ እንደ ልቡ አለፈ። በማግስቱ መምህራችን መዶሻና ጣውላ ይዘው ገቡ። ከቤተ ክህነት የመጡ ስለነበሩ የኔታ ነበር የምንላቸው።

«መስኮቱ በጣውላ ይመታል» አሉ።

«በምን ላነብ ነው?»

«በልብሽ። እኛ ዳዊትን በጨለማ ደግመናል።»

«እርስዎ በቃል ያውቁታል፣ የኔታ። እኔ ገና በዓይኔ እየለቀምኩት ነው።»

ከመስኮቱ ሥር አልተነሳሁም። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በርበሬ ሲፈጭ አንዴ ካነጠስኩ ግን፣ አበቃ።»

ራሴን የማስርበትን ነጭ ሻሽ ፈታሁ። ደርቤ በእንጨት ላይ ወጠርኩት፣ መስኮቱ ላይ ገጥሜም ውኃ አርከፈከፍኩበት። ብናኝ ተንኮለኛ ነው፤ ጨርቁ ሲከለክለው በጠርዝ ይሾልካል። ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ወተፍኩት። ብርሃኑ ግን በሻሹ አልፎ ይገባል፣ ለስለስ ብሎ።

በርበሬ መጣ። ሞተሩ አጓራ። ያን ቀን ትምህርት የሰማ የለም፤ ሁላችን የምናየው የየኔታን አፍንጫ ነው። እሳቸው ሰሌዳውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን አራገፉና… አነጠሱ።

እጃቸው ወደ መዶሻው ሄደ።

«ጠመኔ ነው!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ። ትናንት ሲያፌዙብኝ የነበሩት ናቸው። «የኔታ፣ የጠመኔው ነው!»

ተነስቼ ሻሹን ከመስኮቱ አወረድኩ። «በርበሬው እዚህ ነው» አልኩና ጫፉን በእጄ ጨመቅኩት። ቀይ ውኃ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። በጉልህ አየሁት፣ እሳቸውም አዩት።

«ወለሉን አቆሸሽሽው፤ ጥረጊ» አሉ፣ እጃቸውን ከመዶሻው እያነሱ።

ሻሹን አርጥቤ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ጠርዙንም ወተፍኩ።

«ንባቡ ሲያልቅ እጠርጋለሁ» አልኩና መጽሐፌን ከፈትኩ።