የመምህሩ ትከሻ

ሥራዬ በሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መርዳት ነው። ጠዋት ከምኖርባት ከተማ ከካፔለ ስነሳ ድካሙም አብሮኝ ይነሳል። በብርዱ ወራት ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ ጡረታ የወጡ አልባኒያዊት መምህርት ነበሩ። እግራቸው ስለሚያብጥ ሐኪም ያዘዘላቸውን ጠባብ ካልሲ የማጠልቅላቸው እኔ ነኝ። ካልሲው በቀላሉ እሺ አይልም። እስኪገባ ድረስ ስለ አያታቸው ያወሩልኛል።

አያትየው በቱርኮች ዘመን የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ በአልባኒያ ቋንቋ ማስተማር ክልክል ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጓሮ፣ በሱፍ ጆንያዎች መሀል ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ተይዘው ታሰሩ፤ እስር ቤት ሳሉ ቀኝ ትከሻቸው በዱላ ተሰበረ። አገሪቱ ነፃነቷን ስታውጅ ከመንግሥቱ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ሌሎቹ ስለ ወሰንና ስለ ጠመንጃ ሲከራከሩ እሳቸው “መምህራንስ ከየት እናመጣለን?” እያሉ ያሰለቿቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ፤ መንግሥቱ ፈረሰ፤ የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች የወታደር ማደሪያ ሆኑ። ተሰደዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ከፈቱ።

“አሁን በከተማችን ሐውልት አላቸው” አሉኝ ሴትዮዋ አንድ ቀን። “ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል። እናቴ ባየችው ቁጥር ትስቅ ነበር። በዚያ እጅ ማንኪያ ማንሳት እንኳ ያቅታቸው ነበር።”

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ የእኛን አገር ሰዎች ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያነሳ የከረመ ወገቤን ይዤ ስሄድ ባቡሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ልጆቹን በአማርኛ ስጠይቃቸው በደችኛ ይመልሱልኛል። አንድ ቀን በአማርኛ የሞከረችው አንዲት ልጅ፣ ክፉም ሳታስብ፣ “አንቺ ደክሞሻል እንዴ?” አለችኝ። “እርስዎ” ማለትን ገና አላስተማርኳትም ነበር።

ሰኞ ካልሲውን እየጎተትኩ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው።

“ማስተማሩን ልተወው ነው። እንደ አያትዎ ጠንካራ አይደለሁም።”

“እሳቸውም ይተዉት ነበር” አሉ።

“እንዴት?”

“ሲደክማቸው ትምህርት ቤቱን ይዘጉና ይተኛሉ። ሚስታቸው ትቆጣለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ይህን ሐውልቱ ሥር አልጻፉትም። አንቺም ተኚ።”

ተኛሁ። ለወላጆቹ እንደማልመጣ ነግሬ፣ ቅዳሜን መጋረጃ ዘግቼ መዋል ጀመርኩ። ፀፀት ይይዘኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የያዘኝ ግን እንቅልፍ ብቻ ነው።

ፀደይ ሲገባ ከወላጆቹ አንዷ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የምታሽግ የወሎ ልጅ፣ ደወለችልኝ።

“እትዬ፣ ልጆቹን እኔ ይዣቸዋለሁ። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ማስተማሩን ግን አልቻልኩበትም። ብቻ መጥተው አጠገቤ ቁጭ ይበሉልኝ።”

ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከሥራ ወጥታ በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ ፊደል እያስቆጠረች ታዛጋለች፣ ልጆቹም አብረዋት ያዛጋሉ። ቁጥራቸውም ቀንሷል። ትንሽ አይቻት ተነሳሁና ትናንሾቹን ወደ እኔ ጠረጴዛ ወሰድኩላት።

አሁን ቅዳሜን እንከፋፈላለን። አንዳችን ሲደክመን ሌላችን እንሄዳለን። ሁለታችንም የደከመን ቀን አዳራሹ ተዘግቶ ይውላል።