ብርዝ ነው ያልኩት ቸኮሌት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም ስለሚያሳፍረኝ ብዙ ነገር በሆዴ ይቀራል። ይህኛው ግን አልቀመጥ አለኝ።

ቸኮሌት መሥራት የተማርኩት ከወንድሜ ነው። ጉባ፣ ግድቡ ካምፕ፣ ወጥ ቤት ሲሠራ ቆይቶ ወደ አሶሳ ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ የካካዎ ዱቄት ይዞልኝ መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለውዝ ቆልቼ፣ ገለፈቱን እፍ ብዬ፣ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ዘይቱ መውጣት ሲጀምር ፍሬው የወጣለት ተምር እጨምርበታለሁ፤ ከዚያ ካካዎውን፣ በመጨረሻም እንዲይዝልኝ ሞቅ ያለ ማር። በእጄ አድቦልቡዬ የተቆላ ሰሊጥ ላይ አንከባልለዋለሁ። ስኳር የለው፣ ወተት የለው።

ከጎናችን የሚኖሩትን የበርታ ብሔረሰብ እናት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሐቦባ እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ እናቴ በልጅነቷ በሰፈራ ከወሎ የመጣች ናት። ሐቦባ በአማርኛ ሲያወሩኝ እንደ ወንድ ነው፤ “ና፣ ግባ፣ ተቀመጥ” ይሉኛል። መጀመሪያ ቸኮሌቱን ስወስድላቸው አገላብጠው አዩት።

“ይሄ ምንድን ነው? ከሰል ነው?”

“ቸኮሌት ነው፣ ሐቦባ።”

“ከሰል ከሆነ ጥርሴን እፍቅበታለሁ!” ብለው ሳቁና ጎረሱት። እሳቸው ከሰው ቤት ቶሎ የሚበሉ ሰው አይደሉም፤ ሰርግ ሄደው እንኳ ሻይ ብቻ ጠጥተው ይመለሳሉ። የእኔን ግን በሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ በአጥር ጠሩኝ። “ያ ቢንቲ” አሉኝ፤ በእነሱ አነጋገር ሴት ልጄ ሆይ ማለት ነው። “እህቶቼ ከባምባሲ ይመጣሉ። ለማፍጠሪያ ያንን ከሰልህን ሥራልኝ።”

እሺ አልኩ። በቀኑ ለውዙን ወቅጬ፣ ተምሩን ቀላቅዬ የማሩን ጣሳ ስከፍት ከሥሩ አንድ ማንኪያ እንኳ የለም። እናቴ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ጠጅ ጥላበታለች፤ ጥንስሱ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ማርና ውሃ ብቻ ሲሆን ብርዝ ነው፤ ሙስሊሙም ይጠጣዋል። ጌሾ ከገባበት በኋላ ግን ወደ ጠጅ ሄዷል ማለት ነው። እናቴ ጌሾውን ከጨመረች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ይህን አውቃለሁ። ክዳኑን ስከፍተው አረፋ ሠርቶ ነበር፤ ሽታውም አፍንጫዬን ያዘኝ።

ሐቦባ ቤት ማር ጠፍቶ አያውቅም። በአጥር ተጣርቼ “ማር አልቆብኛል” ማለት ብቻ ነበር። ለአንድ ሲኒ ማር አፌ አልከፈት አለ። እሠራለሁ ብዬ ጉድለቴን መናገር አሳፈረኝ። ከጥንስሱ ቀዳሁ፤ በጨርቅ አጥልዬ እስኪወፍር ከሰል ላይ አፈላሁት። “ገና ብርዝ ነው፤ ያለውንም እሳቱ ያወጣዋል” እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አዛን ሲል በውሃና በተምር አፈጠሩ፤ ቀጥሎ ሐቦባ የእኔን ሳህን መሀል አደረጉት። “ብሉ፣ ከሰል ነው!”

ከእህቶቻቸው አንዷ ቀምሳ፣ “በምንድን ነው የያዘው?” አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“በብርዝ” አልኩ።

“ብርዝ! ማሻአላህ” አሉ ሐቦባ፤ ሁለተኛም አነሡ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። “አየህ፣ አፈረ” ብላ እህታቸው ሳቀችብኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ጥንስሱ ጎድሎ አግኝታዋለች። ስነግራት ዱካው ላይ ቁጭ አለች።

“ጌሾ የገባበትን? ለጾመኛ?”

“አፍልቼዋለሁ እኮ፣ እማ።”

“እሱን ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው በይ። በልተው እንደሆነ ሳያውቁ ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ጠዋት ሄደሽ ንገሪያቸው።”

ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን እየሰገዱ ነበር፤ ተመለስኩ። በሁለተኛው እንግዳ ነበራቸው። በሦስተኛው ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ማንጎ ልጠው ሰጡኝ፣ እኔም ስለ ዝናቡ አውርቼ፣ ማንጎዬን በልቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እናቴም መጠየቅ ተወች። ሐቦባን ባየሁ ቁጥር ግን ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወሩ አለቀ።

ከዒድ በኋላ ልጃቸው ባምባሲ ልትወስዳቸው መጣች። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከእንግዲህ ከእሷ ጋር ሊኖሩ ነው። ያን ጠዋት ከገበያ በገዛሁት ንጹሕ ማር እንደ አዲስ ሠርቼ ወጣሁ። ዕቃቸው ተጭኖ፣ እሳቸውም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። በመስኮቱ አቀበልኳቸው።

“ሐቦባ፣ ያኔ ብርዝ ነው ያልኩዎት…” አልኩ። ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ቀጭን ነበር፤ ሞተሩም ተነሣ። የያዝኩላቸው ነገር በምን እንደ ተሠራ ልነግራቸው የፈለግሁ መሰላቸው። ሳህኑን እቅፋቸው ላይ አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

“ተወው፣ ያ ቢንቲ። ከአንተ እጅ ዐይኔን ጨፍኜ እበላለሁ።”