«እየመጣ ነው» አልኳት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በጸሎት ጊዜ እንኳ ዙሪያውን ዞሬ ነው የማልፈው። አሁን የምናገረውም ልቤ ስለተነካ አይደለም። ልቤ ምንም አይለኝም፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደንዝዟል።

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ከተመስገን ጋር ስፓዛ የምንለው የሰፈር ሱቅ አለን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ ሐበሾች ጎረቤታችን ሮማን ቤት ተሰብስበን በመረጥነው መጽሐፍ ላይ እንወያያለን። ባለፈው እሁድ ሮማን ስለ አንድ ቤተሰብ ምስጢር የሚተርክ ልብ ወለድ አቀረበች። እኔ ከሁሉም ቀድሜ «ይከብዳል፣ ሌላ እንምረጥ» አልኩ። ለምን ቸኮልኩ? ማን ጠረጠረኝ?

የደበቅኩት ይህን ነው። ከዓመታት በፊት አክስቴ ከሆሳዕና ደውላ እናታችን እንደማትድን ነገረችኝ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። «ተሜን ላኪልኝ፣ ፊቱን ልየው» አለችኝ። «እሺ እማዬ፣ እየመጣ ነው» አልኳት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። አክስቴንም፣ ልጁ በሰው አገር እንዳይደነግጥ ዝም በይ አልኳት። እኛ ዘንድ ርቆ ላለ ሰው ክፉ ወሬ ስለማይነገር እሺ አለችኝ። እሱ ሲደውል አንዴ «ተኝታለች»፣ አንዴ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ትለዋለች። እናቴ በጠየቀችኝ ቁጥር ደግሞ እኔ «እየመጣ ነው» እላታለሁ። ይህን ያልኩት አንድ ሳምንት አይደለም፤ ወራት ነው።

ለምን? ከሄደ በጥገኝነት ወረቀቱ ተመልሶ መግባት አይችልም ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ አይችልም። የደበቅኩት ግን ለእሱ ብዬ አይደለም። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። እናቴ የለመነችኝን ልጅ ለራሴ አስቀረሁት።

ስትሞት ወጉን አሟላሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰብስቤ፣ ጎህ ሲቀድ የክፍሉን በር አንኳኩተን መርዶውን አረዳነው። «ድንገት ነው» አልኩት። እሱ መሬት ላይ ወደቀ፤ እኔ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣልኝም። ሰዉ ሁሉ «እንዴት ጠንካራ ናት» አለ።

እሁድ ዕለት ተመስገን ሳቀብኝ። «እትዬ ደግሞ፣ ምን ያስፈራሻል? ሹር፣ ግድ የለም፣ ይሄን እናንብብ! እኛ ቤት እንደሆነ የተደበቀ ነገር የለም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሮማን፣ «እማዬ እንኳ ድንገት ነው የሄደችው። እኔን ስትጠብቅ አልሞተችም። የሚያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው» አላት።

መጽሐፉን የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እኔም አወጣሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር ተመስገን «አንቺ ቶሎ ታነቢያለሽ፣ ጀምሪው» ብሎ ሰጠኝ። ባንኮኒው ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ አልገለጥኩትም።

ምን ትሉኛላችሁ? ብነግረው ያችን አንዲት መጽናኛውን እቀማዋለሁ። ባልነግረው በየቀኑ እንደ አዲስ እደብቀዋለሁ። ይህን ማሰቤን ደግነት አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩልኝ። ዛሬም የምፈራው ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ የጠየቀችኝ «የት ደረሰ?» ብላ ነው።

«ቀርቧል» አልኳት። እሱ አጠገቤ ዳቦ እየደረደረ ነበር።