የጋሼ የድምፅ ልክ

እህቴን እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ሥራዋ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው፤ የስብሰባው፣ የቃለ መጠይቁ፣ የማንም ወሬ ይመጣላታል። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ቁጭ ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ከደፋች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። "ሌባ ገብቶ ከነወንበርሽ ተሸክሞሽ ቢወጣ፣ አራት ነጥብ ሳታደርጊ ቀና አትይም" እያልኩ እተርባት ነበር።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። የሞተር ጩኸት ጆሯቸውን በልቶታል። እሷ ሥራ ስትጨርስ ማዳመጫውን ይነቅሉና በምትሠራበት ላፕቶፕ ኳስ ያዳምጣሉ፤ ያዳምጣሉ ልበል እንጂ ሰፈሩን በሙሉ ነበር የሚያስደምጡት። አንድ ደግ ልማድ ግን ነበራቸው። እታለም አፏን ከከፈተች፣ ጎል ሊገባ ቢሆን እንኳ ድምፁን እስከ ዜሮ ያወርዱና ደህናውን ጆሯቸውን ወደሷ ያዞራሉ። "በይ ንገሪኝ" ይሏታል። በሰው ባል ቀንቼ የማውቀው በዚህ ብቻ ነው።

ጋሼ የሞቱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከጀርባዋ ባለው ሶፋ ላይ። እሷ ማዳመጫውን አድርጋ እየሠራች ነበር። ዞር ስትል አንድ እጃቸው ወደሷ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። እሷ የሐኪሙን ነገር ከቁብ አልቆጠረችውም።

"ጠርቶኝ ይሆን?" ትለኛለች።

"እንቅልፍ ነው የወሰዳቸው" እላታለሁ። እጃቸው ግን የተኛ ሰው እጅ አይመስልም ነበር።

ለቅሶው አልፎ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ ገመዱ እግሬን ጠለፈኝና ማዳመጫው ከላፕቶፑ ተነቀለ። የማናውቀው ሰውዬ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሁለታችንም ክው አልን። እታለም ስክሪኑን አየች። ማዳመጫው ሲሰካ ሃያ የነበረው የድምፅ ቁጥር ሰባ ሁለት ሆኗል።

"የሱ ልክ ነው" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጎረቤታችን ያለውን ኮምፒውተር ሠሪ ጠራሁት። "አይፍሩ እናቴ" አለኝ። "ላፕቶፑ ለማዳመጫው ሌላ፣ ለስፒከሩ ሌላ ልክ ነው የሚይዘው። አንዱን ቢቀንሱ ሌላው አይነካም፤ የተዉት ቦታ ይጠብቅዎታል።" እፎይ አልኩ። ጋሼ ስፒከሩን የተዉት ሰባ ሁለት ላይ ነው፣ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

በሌላ ቀን ማዳመጫውን ስነቅለው ሰማንያ አንድ ይላል።

"ነካክተሽዋል" አልኳት።

"እኔ በስፒከር ሰምቼ አላውቅም" አለች፤ እውነቷን ነው።

ቀጥሎ ሳየው ዘጠና ደርሷል። ኮምፒውተር ሠሪው እንደገና መጣ፣ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። "ሰው ካልነካው በራሱ ከፍ አይልም" አለና ጭንቅላቱን አከከ። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭነው ሲጠይቅ፣ እታለም ላፕቶፑን ቀምታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘን ሰላምታውን እንኳ አሳጥሮ ነው የሚያልፈው።

እኔ መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር አይገባኝም። ሆኖም እዚያ ክፍል ስገባ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ጀመር። እታለም ማዳመጫውን ማድረግ ፈራች። ገና ከማድረጓ ታወልቀውና ወደ ሶፋው ትዞራለች። ሥራው ተከመረ፣ እሷም ከሳች። "እኔ ቤት ነይ" ስላት፣ "ጥዬው?" አለችኝ።

አንድ ቀን፣ "እየተጣራ እኮ ነው" አለችኝ። "አልሰማ ስላልኩት ነው ከፍ የሚያደርገው። ያን ቀንም እንደዚህ ሲጣራ ቆይቶ ቢሆንስ?"

"እንግዲያው እሳቸውኑ አናግሪያቸው። ለኔ ምን ታወሪልኛለሽ? የሞትኩት እኔ አይደለሁም" አልኳት። ምላሴ እንዲህ ነው፤ ካሰብኩት ይቀድማል።

እታለም ተነሳች። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ማዳመጫውን ነቀለችው። ቁጥሩ መቶ ነው፤ ከመቶ በላይ ደግሞ የለም። የሚጫወት ነገር አልነበረም፤ ስፒከሩ ብቻ፣ ሰው ሊናገር ትንፋሽ ሲስብ እንደሚሰማው፣ ሽው ይላል። ወንበሯን ወደ ሶፋው አዞረች።

"ይኸው አውልቄዋለሁ" አለች። "ያን ቀን ጠርተኸኝ ከሆነ አልሰማሁህም። ብሰማህ ሁሉን ጥዬ እመጣ ነበር። ይህን ታውቃለህ አይደል?"

እኔ ላፕቶፑ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የሷ እጅ ጭኗ ላይ። ቁጥሩ ዘጠና ስምንት አለ። ከዚያ ዘጠና። ቀስ እያለ ወረደ፤ ሰባ ሁለት ላይ ቆም አለና ደግሞ ቀጠለ። ዜሮ ሲደርስ ያ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ጠፋ፣ ቤቱም ጭር አለ። ስክሪኑን በጣቴ አሳየኋት።

እታለም ዞር ብላ አየችው። አልደነገጠችም። ወንበሯን ወደ ሶፋው ይበልጥ አስጠጋችና፣ ደህናው ጆሯቸው በነበረበት በኩል ጎንበስ ብላ መንገር ጀመረች።

እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።