ግራው መንሸራተቻ፣ ቀኙ የበረዶ ጫማ

ጉንቮር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቫልድረስ ሸለቆ ከቤት ቤት እየዞረች የመብራት ቆጣሪ ስታነብ ኖራለች። በረዶ በሌለበት ወራት በብስክሌት፣ በረዶው ሲከመር ደግሞ ረጃጅሞቹን የበረዶ መንሸራተቻዎች እግሯ ላይ አስራ ትሄዳለች። ቆጣሪዎቹ ቁጥራቸውን ራሳቸው መላክ ሲጀምሩ እሷ ጡረታ ወጣች፤ ጠያቂነቷ ግን አልወጣም። የማን ምድር ቤት ውሃ እንደሚያስገባ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ መኝታ እንደለየ ታውቃለች። ያልገባችበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የሃልግሪም። በረዶ ጠራጊ መኪና ይነዳ የነበረው ይህ ሰው ቃል ከአፉ የሚወጣው በመንጠቆ ነው። ቆጣሪውን ራሱ አንብቦ፣ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በበሩ ክፍተት ያቀብላትና መልሶ ይዘጋዋል።

በየካቲት ወር በአንድ ሐሙስ ቀን ጉንቮር ከባሏ ከኡድቫር ጋር ተራራ ወጣች። ኡድቫር አናጢ ነው። የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ ሐኪሙ መንሸራተት ስለከለከለው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶው ውስጥ እንዳይሰምጥ እንደ ወንፊት የሰፋውን የበረዶ ጫማ አጥልቆ ነበር። እሷ ሽው ብላ ትሄድና ትቆማለች፤ እሱ ከኋላ ጭብ ጭብ እያለ ይደርሳል።

"እንደ ዳክዬ ነው እኮ የምትራመደው!" አለችው።

"ዳክዬም ቢሆን ይደርሳል። አንቺ ብቻ እየቆምሽ አትሳቂብኝ።"

ከታች መኪናቸውን ሲያቆሙ የሃልግሪም ቀይ መኪና ቀድሟቸው ቆሞ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ነው የሚቆመው። ሸለቆው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅም የለም። የዳቦ ቤቷ ሴት "ሴት አለችው" ትላለች። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው "ሳያስፈቅድ ዓሣ ያጠምዳል" ይላል። ጉንቮር ሁለቱንም ደጋግማ ጠይቃቸዋለች።

እኩለ ቀን ላይ ተራራው ላይ ባለ ሜዳ ጫፍ ካለችው አሮጌ ጎጆ ደረሱ። ኡድቫር የአጋዘን ቆዳውን ደረጃው ላይ አንጥፎ፣ ቡናማ አይብ የተቀባውን ዳቦና ብርቱካኑን ማውጣት ጀመረ። ጉንቮር ግን ከጎጆዋ ጀርባ ጠፍታለች።

"ኡድቫር፣ ና እየው! ይሄ ሰውዬ ስንት እግር ነው ያለው?"

"ሁለት ይመስለኛል፤ እንደኛው።"

"ግራው መንሸራተቻ፣ ቀኙ የበረዶ ጫማ!"

እውነቷን ነው። ከጎጆዋ ተነስቶ ወደ ጅረቱ የሚወርደው ዱካ በግራ በኩል እንደ ክር የቀጠነ መስመር፣ በቀኝ በኩል ሰፋፊ ኮቴ ነው። ግድግዳው ላይ መሃሉ የተሰበረ መንሸራተቻ ተደግፏል። ኡድቫር ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አንድ አሮጌ የበረዶ ጫማ አውርዶ አገላበጠው።

"ጠፍሩን አይጥ በልቶታል። ደህነኛውን ነው ያጠለቀው። መንሸራተቻው ሲሰበርበት ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን ወደ መኪናው አልተመለሰም?"

"አሁን ጀመርሽ!"

"መንሸራተቻው ተሰብሮ እንኳ ወደፊት የሚያስኬደው ምን ይሆን? ከፈለግህ ተቀመጥ፤ እኔ ደርሼ ልምጣ።"

"ብቻሽን ሄደሽ ሰውዬውን በጥያቄ ልትፈጂው? እመጣለሁ።" ዳቦውን ወደ ቦርሳው መለሰ። "ብርቱካኔ ግን ድንጋይ ሆኗል፤ ይታወቅልኝ።"

ዱካው በጥዶቹ መሃል እየተጠማዘዘ ወረደ። ሁለት ቦታ ሰውየው ወድቋል፤ የክርኑ ምልክት ሳይቀር ይታያል። ሁለቱንም ጊዜ ተነስቶ ወደፊት ሄዷል። ጉንቮር ፈጠነች። ተጎድቶ ቢሆንስ?

ሃልግሪም ጅረቱ ዳር ቁጭ ብሏል። ውሃው በበረዶ ግግር ተሸፍኖ አንድ ቦታ ብቻ፣ ገበታ በሚያህል ጥቁር ቀዳዳ ይንፎለፎላል። ዞር ሳይል እጁን አነሳ።

"ቁጭ በሉ። አትናገሩ። በተለይ አንቺ።"

ተቀመጡ። ጉንቮር ከንፈሯን ነከሰች። ጊዜው ሲረዝምባት የኡድቫርን እጅ ጨበጠች፤ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀምረዋል።

ከዚያ ከግግሩ ጠርዝ ላይ ጡጫ የምታህል ቡናማ ወፍ ብቅ አለች። ደረቷ ነጭ ነው። ሁለቴ ሦስቴ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገች፤ ዐይኗን ስትጨፍን ሽፋኑም ነጭ ነው። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ውሃ ገባች። አልዋኘችም፤ በእግሯ ነው የገባችው፤ ሰው ደረጃ ወርዶ ጓዳ እንደሚገባው። ጉንቮር አንገቷን አሰገገች። ወፊቱ ከታች በጠጠሩ ላይ እየሄደች አንዱን ድንጋይ ትገለብጣለች፣ ወደ ሌላው ታልፋለች። ሃልግሪም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ወፊቱ ትል ነክሳ ወጣች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ያን ሁሉ ብርድ ከቁብ ሳትቆጥር መዝፈን ጀመረች።

"አሥራ ዘጠኝ" አለ ሃልግሪም። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሰው መሰለ። "ከውሃ ሥር የቆየችበት ረጅሙ ሃያ ሦስት ሰከንድ ነው።"

"እሷን ለማየት ነው የምትመጣው?"

"መጀመሪያ ያየኋት ከድልድዩ ላይ ነው፤ መንገድ ስጠርግ። ስትገባ ሰጠመች ብዬ ቆቤን አወለቅሁላት። ከዚያ እየዘፈነች ወጣች። ሐሙስ የእረፍቴ ቀን ነበር፤ እሷን ፍለጋ ስወጣ ስወርድ ይህን ቦታ አገኘሁ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት? ለማንም ሳትነግር?"

"የጠየቀኝ የለም።"

ጉንቮር የዳቦ ቤቷን ሴት ጠይቃለች፣ ነዳጅ የሚቀዳውን ጠይቃለች፣ ፖስተኛውን ሁለቴ ጠይቃለች። እሱን ራሱን ግን አንድም ቀን!

"ብጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?"

"እንጃ" አለ ሃልግሪም። "ሞክረሽ አላየሽም።"

ኡድቫርን ሳቁ አመለጠውና ወፊቱ በረረች። ሃልግሪም ግን አልተቆጣም፤ የቀዘቀዘውን ዳቦ ከእነሱ ጋር እኩል ተካፍሎ በላ።

ወደ ጎጆዋ ሲመለሱ ኡድቫር ከቦርሳው ገመድ አወጣ። አይጥ የበላውን ጫማ በጥድ ቅርንጫፍና በገመድ ጠፈረው። ሃልግሪም ሁለቱንም አጥልቆ፣ መንሸራተቻዎቹን ተሸክሞ፣ ከኡድቫር ጎን ጭብ ጭብ እያለ ወረደ። ሁለቱ ወንዶች ስለ ጉልበት ሲያወሩ ጉንቮር ከፊት እየተንሸራተተች ሰማቻቸው።

ታች ሲደርሱ ሃልግሪም የመኪናውን በር ከፍቶ ቆመ። "የሚመጣው ሐሙስ ከሰባት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል። ያኔ ነው ወፊቱ ብዙ የምትጠልቀው።" ሌላ ሳይጨምር ነድቶ ሄደ።

በመመለሻቸው ኡድቫር እየነዳ ሚስቱን አያት። የጉንቮር ጉንጮች ቀልተው ተነፍተዋል።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?"

በእጇ ጠብቅ አለችው። ትንሽ ቆይታ ትንፋሿን ለቀቀችና እየሳለች ሳቀች።

"አሥራ ሰባት!" አለች። "ያውም መኪና ውስጥ ተቀምጬ!"