አሥራ አንድ ቀን የያዝኩት የእህቴ ውጤት

እኔና ታናሽ እህቴ ሰቆጣ በእናታችን ቤት ሳለን ኢንሱሊናችንን የምናኖረው በአንድ ማሰሮ ውስጥ ነበር። ማሰሮው እርጥብ አሸዋ ተሞልቶ ከበሩ ጀርባ፣ ጥላው ዘንድ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የነበረን ዘዴ ይኸው ነው። የእኔ ብልቃጥ በቀይ ክር ታስሯል፣ የእሷ በነጭ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ታመምኩ፣ እሷ በሃያ። አባታችንም ስኳር ስለነበረበት ዘመድ ሁሉ «ሁለቱም የአባታቸውን ወረሱ» ይል ነበር። ይህ አነጋገር ደስ ይለኝ ነበር። እህቴ ቁመናውንም፣ ሳቁንም፣ ፍቅሩንም ወስዳለች፤ ከዚያ ሲያኮርፍ ሳምንት ከማይናገር ሰው የእኔ ነው የምለው ሕመሙን ብቻ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ባዮኬሚስትሪ በማስተምርበት ጊዜ፣ እህቴ ጋዝጊብላ ጠበል ወርዳ ሁለት ሱባኤ ያዘች። በዚያ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት አይነካም፤ እሷም ብልቃጧን አሸዋው ውስጥ ትታ ሄደች። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ በዚያው ጠበል፣ በዚያው ሥርዓት፣ በሦስተኛው ቀን ራሴን ስቼ በቃሬዛ ወጥቻለሁ። እሷ በአሥራ አምስተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች፤ ከስታለች፣ ውሃ ትደጋግማለች፣ ግን ትስቃለች።

ለፋሲካ ስመጣ ጎረቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«አንቺ እኮ እየተጠራጠርሽ ነው የገባሽው» አሉኝ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ። «ትምህርት ያበዛን ሰው ጠበል አይዘውም።»

«እማማ፣ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።»

«ዘጠኝስ ቢሆን ምን አነሰው?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እህቴም ሳቀች፤ በአባቴ ሳቅ።

ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ሰው አሥራ አራት ቀን ያለ መርፌ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ የእሷ ሕመም የእኔው ዓይነት አልነበረም። ይህን የነገረኝ ትምህርቴ ነው፤ ነገሩን እንድከታተለው የገፋፋኝ ግን ቅናት ነው። ውሃው ምንም እንዳላደረገላት የሚመሰክር ወረቀት ፈለግሁ። የእሷንም የእኔንም ደም ቀዳሁና፣ ውጭ አገር የዘረመል ምርመራ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ለተቀጠረ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላክሁ። የእኔን የጨመርኩት ከአባቴ የወረስኩት ነው የሚል ወረቀት ይመጣልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነው።

ውጤቱ ከወራት በኋላ ደረሰኝ። በእህቴ ደም ውስጥ፣ በአንድ ዘረመል ላይ፣ ከወላጅ የሚተላለፍ ለውጥ ተገኝቷል። ቆሽቷ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ችግሩ በጊዜው አለመልቀቁ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ስኳር በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ተራ እንክብል ከመርፌ ይሻላል። በእኔ ደም ለውጡ አልተገኘም። የእኔ ሰውነት የገዛ ራሱን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ያጠፋ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ሕመም የለም።

እንደ ልማዴ ፖስታው ላይ የደረሰበትን ቀን ጻፍሁና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ስልክ ነበረ፤ አልደወልኩም። ውጤቱን ደግሜ ማጣራት አለብኝ አልኩ፤ የሚጣራ ነገር እንደሌለ ግን አውቅ ነበር። እህቴ ጠዋትና ማታ ትወጋለች። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ሰቆጣ ተሳፈርኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አንብቦ እንክብሉን በትንሹ ጀመረላት፤ መርፌውንም ቀስ በቀስ ቀነሰው። እኔ በመለኪያዬ ደሟን በቀን አራት ጊዜ እየለካሁ እመዘግብ ነበር። ቁጥሩ በየቀኑ ወረደ። የእኔ ቁጥር እንዲህ ያማረበትን ሳምንት አላስታውስም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ መርፌውን ጨርሶ አስቆማት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ወረቀቱን ለማስታወሻ ልታስቀምጠው ፖስታውን አነሳች።

«እቴ፣ ይኸ የጻፍሽው ቀን ምንድን ነው?»

«የደረሰኝ ቀን።»

ከዚያ ቀን እስከ ተሳፈርኩበት ቀን በጣቷ ቆጠረች። ለመቁጠር ጊዜ አልወሰደባትም።

«ሃያ ሁለት መርፌ» አለች። «እነሱን አንቺ ነሽ የወጋሽኝ በይኛ።»

«አዎ።»

እስክትጮህ ጠበቅሁ። ተነስታ ወደ ማሰሮው ሄደች፤ ነጭ ክር የታሰረበትን ብልቃጥ ከአሸዋው አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

«እንግዲህ ያንቺ ነው» አለችኝ። «አባባ ምንም አላወረሰኝም ስትዪ ከርመሽ የለ? ይህን ዝምታ ታዲያ ከማን አመጣሽው? እሱን የሚመረምር ማሽን የላቸውም?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የመድኃኒቱ ዓይነት አንድ ነበር፤ የማለቂያ ጊዜውን አየሁ፣ አላለፈም። ነጩን ክር ፈትቼ ቀይ አሰርኩበትና ወደ አሸዋው መለስኩት። ማታ መርፌዬን የሞላሁት ከእሷ ብልቃጥ ነው።